ትምህርት ፍለጋ በሦስት ከተሞች



በጀርመን አገር ምዕራባዊ ጫፍ ላይ አኸን የምትባል ከተማ አለች። ከመሐል ከተማዋ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ወንበሩን ሳያሞቅ ሆላንድ ይገባል፤ በሌላ አቅጣጫ ቢሄድ ደግሞ ቤልጂግ ይደርሳል። የሦስቱ አገሮች ድንበር የሚገናኝበት ኮረብታም ከዚያው አጠገብ ነው። ከምድሯ የሚፈልቀው ውኃ እንደ አዲስ አበባው ፍልውኃ ከጥንት ጀምሮ ሰው ሲታጠብበት የኖረ ነው። በከተማዋ መሐል ባለው ምንጭ አጠገብ ሲያልፉ የድኝ ሽታ አፍንጫ ይመታል።

ሻርለማኝ የተባለው የፍራንኮች ንጉሥ መቀመጫውን ያደረገው በዚህች ከተማ ነበር። የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በስጦታ የላከለት አቡል ዐባስ የተባለ ዝሆን ባሕርና ተራራ አቋርጦ በ802 እ.ኤ.አ. አኸን ገብቷል። ንጉሡ ያሠራው ካቴድራል ዛሬም ቆሞ ይታያል። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ይኸው ሕንፃ ከእኛው ላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ሰፍሯል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር ተነስቶ አኸን የሚሄደው ወጣት ግን ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚሄደው በ1870 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ40 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያሉት ይህ ተቋም በምህንድስና ስሙ በዓለም የታወቀ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች አጠገብም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሙስሊም ተማሪዎች ጥረት የተሠራ መስጂድ ይገኛል፤ ስሙም ቢላል መስጂድ ይባላል። የሐበሻውን ልጅ፣ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ስም ከዚያ ሁሉ አገር ርቆ በመሐንዲሶች መንደር ተጽፎ ማየት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልብ የሚያሞቅ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደጃፉ ላይ የሚቆሙት የግብፅ፣ የኢንዶኔዥያ፣ የፓኪስታንና የቱርክ ተማሪዎች ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ለአዲስ መጪ ሁለት ጥያቄ ያቀርባሉ። አንደኛው «ምን ታጠናለህ?» ሲሆን ሁለተኛው «ማን ይከፍልልሃል?» የሚል ነው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አገር ቤት ሳሉ መልሶ የመጣ ተማሪ ብርዱንም ቋንቋውንም ይችለዋል። ሳይመልስ የመጣው ግን የዩኒቨርሲቲው ስም የቱንም ያህል ቢገን እንቅልፍ አያገኝም። ይህን የምለው ባለፉት ዓመታት በሥራ ምክንያት ልጆቻችን ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱባቸውን ሦስት ከተሞች ለማየት ዕድል ስለገጠመኝ ነው። እነሱም አኸን፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ቱወልና በቱርክ አንካራ ናቸው። ልጅ ያላችሁ ወላጆችም፣ ማመልከቻ በመጻፍ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ጥቅም ታገኙበታላችሁ ብዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አኸን፦ «ነፃ» የሚለው ቃል ምን ያህል ይዘልቃል?

አገራችን ውስጥ «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለው ወሬ የተለመደ ነው። አኸንን በሚመለከት ወሬው አብዛኛውን እውነት ነው። በመደበኛዎቹ የምህንድስና ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ተማሪው በየሴሚስተሩ ጥቂት መቶ ዩሮ መዋጮ ይከፍላል፤ በዚያም የአውቶቡስና የባቡር ትኬት ያገኛል። ሆኖም ነገሩ በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። ሽቱትጋርትና ካርልስሩኸ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ከጀመረው የትምህርት ዘመን አንስቶ ከአዲስ ገቢ የውጭ ተማሪዎች ለሁለተኛ ዲግሪ በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ መጠየቅ ጀምሯል። ስለዚህ «ጀርመን» ብሎ በጅምላ መናገር አይበቃም፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ፕሮግራም ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ዋናው ሸክም ያለው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጀርመን ቪዛ ከመስጠቷ በፊት ተማሪው የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ እንዳለው ማስረጃ ትፈልጋለች። የተለመደው ማስረጃ ብሎክድ አካውንት የሚሉት የታገደ ሒሳብ ነው። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰነው መጠን 11,904 ዩሮ ሲሆን ተማሪው ጀርመን ከገባ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖርበታል። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ቢሆንም መጀመሪያ በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላ መንገድም አለ። ጀርመን ውስጥ በቂ ገቢ ያለው ዘመድ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርቦ «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሎ በፊርማው ግዴታ ሊገባ ይችላል። ይህ ፊርማ በሕግ የሚያስጠይቅ ዋስትና ነው። ፍራንክፈርት ያለ ወንድም ወይም አጎት እንዲፈርም ሲጠየቅ በይሉኝታ እንዳይገባበት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል።

ነጥብ በጀርመን ሚዛን

ማመልከቻ የሚጽፉ ልጆች ሁሌ የሚጨነቁበት ነገር ነጥብ ነው። በጀርመን 1.0 ከሁሉ የላቀ ውጤት ሲሆን 4.0 ደግሞ ለጥቂት ማለፍ ነው፤ የእኛ ተቃራኒ ነው። የአገራችንን ነጥብ ወደ እነሱ ለመመንዘር የባቫሪያ ቀመር የሚባል ስሌት በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የእናንተን ነጥብ ትቀንሳላችሁ፤ ያንን በከፍተኛውና በማለፊያው ነጥብ ልዩነት ታካፍላላችሁ፤ በ3 ታባዛላችሁ፤ በመጨረሻም 1 ትደምራላችሁ።

ምሳሌ እንውሰድ። የእኛ ከፍተኛ 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ነው። 3.4 ያላት ተማሪ 0.6ን ለ2 ስታካፍል 0.3፣ በ3 ስታባዛ 0.9፣ 1 ስትደምር 1.9 ታገኛለች። 3.0 ያለው ደግሞ 2.5 ላይ ያርፋል። ከ2.5 የባሰ ውጤት የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ብዙ ስለሆኑ ይህን ስሌት ከማመልከቻ በፊት መሥራት ገንዘብም ጊዜም ያድናል።

ከነጥብ ቀጥሎ የሚመዘነው የኮርሶቹ ይዘት ነው። የጀርመን መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ውስጥ ሒሳብ ምን ያህል እንደተማራችሁ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ወይም የኤሌክትሪክ ሰርኪውት ስንት ክሬዲት እንደነበረው ከራሳቸው ጋር ያስተያያሉ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የኮርስ ስም ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ ከትምህርት ክፍላችሁ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ዋናው ዲግሪም የወጪ መጋራት ክፍያ ሳያልቅ ስለማይሰጥ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ እስኪታተምበት ድረስም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ይህን ሥራ ለመጨረሻው ወር መተው አይገባም።

ቱወል፦ ቀይ ባሕር ዳር ያለው ቅጥር

ከጂዳ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ቱወል የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከመንደሯ አጠገብ በ2009 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ባጭሩ ካውስት ይሉታል። የተቋቋመው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ብቻ ሲሆን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ወንዶችና ሴቶች አንድ ክፍል የሚማሩበት በመሆኑም በመንግሥቱ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ተብሎ ነበር።

ከባሕሩ ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ኢትዮጵያዊ ልቡ ሩቅ ይሄዳል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ሰሐቦች ከጂዳ ደቡብ ካለ ወደብ ተነስተው ይህንኑ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጥተዋል፤ መጠጊያም አግኝተዋል። ዛሬ የሐበሻ ልጆች በተቃራኒው አቅጣጫ ዕውቀት ፍለጋ ይሻገራሉ።

ካውስት ስሙ የተነሣው የተቀበላቸውን ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ፣ መኖሪያ፣ ሕክምናና የኪስ አበል በመሸፈኑ ነው። ድጋፉ በየጊዜው ሊስተካከል ስለሚችል ግን አምና የገባው ያገኘው ዘንድሮም ይሰጣል ብሎ ከማሰብ ይልቅ የራስን ደብዳቤ ማንበብ ይገባል። ውድድሩም ከባድ ነው፤ ከቻይና፣ ከሕንድና ከሜክሲኮ የሚመጡ ብርቱ ተማሪዎች ለጥቂት ቦታ ይሽቀዳደማሉ። ትምህርት ክፍሎቹም የተመረጡ ናቸው። ለኬሚካል፣ ለኤሌክትሪካል፣ ለመካኒካልና ለኮምፒውተር ተማሪ ሰፊ ሜዳ ቢሆንም መንገድና ድልድይ ሊያጠና የተነሣ የሲቪል መሐንዲስ ግን የሚፈልገውን አያገኝም።

ኑሮው ጸጥ ያለ ነው። ቅጥሩ ውስጥ መስጂድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና የባሕር ዳርቻ አለ። ለዑምራ መውጣትም ቀላል ነው። ባለትዳር ተማሪዎች ይህን ሲወዱት ከተማ የለመደ ወጣት ግን በሁለተኛው ወር ግቢው ይጠብበታል። መካ ቅርብ መሆኗ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ይሁንና የምትፈልጉት ቤተ ሙከራ እዚያ መኖሩን ለብቻው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንካራ፦ በእጅ የተተከለው ደን

አንካራ በደረቅ ሜዳ ላይ የተሠራች፣ ክረምቷ የሚያንቀጠቅጥ ከተማ ናት። በ1956 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የገባ ሰው ግን በጥድ ጥላ ሥር ነው የሚሄደው። ቦታው መጀመሪያ ዛፍ የማይታይበት ራቁት ኮረብታ ነበር። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎችና መምህራን በየዓመቱ እየወጡ ተከሉት፤ የዚህ የደን ሥራ በ1995 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ደስ ይላል።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ኢትዮጵያውያን ወደ ቱርክ በብዛት የሚሄዱበት በር ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስም የሚታወቀው ቱርኪዬ ቡርስላሪ የተባለው የመንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ማመልከቻው ያለ ክፍያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ይከፈታል። ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድሜ ከ30 በታች መሆን አለበት። ተመራጩ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ የጤና መድን፣ ወርሃዊ አበልና የመሄጃና የመመለሻ ትኬት ያገኛል። በአንጻሩ ዋና ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ቱርክኛ ይማራል፤ የሚገባበትንም ዩኒቨርሲቲ ከዘረዘራቸው ምርጫዎች ውስጥ የሚመድቡት እነሱ ናቸው።

መርካቶ ውስጥ የተደረገ ሒሳብ

ከላይ በምሳሌ የጠቀስኳት ባለ 3.4 ተማሪ በምሳሌነት ብቻ ያለች አይደለችም። የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቃ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችን ልታጠና ቆርጣ ተነሥታለች። ቱወል አልተቀበላትም። አኸን ያለ ገንዘብ፣ አንካራ ከሙሉ ነፃ ዕድል ጋር ተቀበሏት።

አባትየው ሐጂ የአኸንን ስም ሰው ሁሉ ሲያወድሰው ስለሰሙ «ሱቁን ሸጬም ቢሆን ትሂድ፤ ወለድ ያለበት ብድር ግን ደጄ አይደርስም» አሉ። ልጅቱ መልስ ሳትሰጥ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላ ሰመረች። በአንዱ ጎን የሁለት ዓመት የአኸን ኑሮ፣ 23,808 ዩሮ ጻፈች። በሌላው ጎን የቱርክኛውን ዓመት ጻፈች። ከዚያ ሱቁ ከተሸጠ ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቿ በምን እንደሚማሩ ጻፈች። በጀርመን ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት እንደሚፈቀድለት ብታውቅም ሥራው ሳይገኝ በፊት ሒሳብ ውስጥ አላስገባችውም።

«ጋሼ፣ አንድ ዓመት አይባክንብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ቱርክኛ በአገራችን ሥራ ላይ ያለ ቋንቋ መሆኑን ነገርኳት። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያን የባቡር መስመር የሠራው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው፤ የቱርክ ፋብሪካዎችም በአገራችን አሉ። እሷ ግን በእኔ ቃል ብቻ አልረካችም። አንካራ ያሉ ሁለት ሴት ተማሪዎችን አፈላልጋ ስለ ማደሪያው፣ ስለ መምህራኑና አበሉ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ ጠየቀች። ልትሠራበት የምትፈልገውን ጉዳይ የሚያጠና መምህር በትምህርት ክፍሉ መኖሩንም አረጋገጠች። በመጨረሻ ኢስቲኻራ ሰግዳ አንካራን መረጠች። ሐጂ ለጥቂት ቀናት ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሱቁ ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ይህን ያነሣሁት አንካራ ከአኸን ይበልጣል ለማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ጀርመን ያለ ታላቅ ወንድሙ የፈረመለት አንድ የመካኒካል ተማሪ አኸንን መርጧል፤ ለእሱም ትክክለኛው ምርጫ ያ ነበር።

ከመመለስ በፊት መጠየቅ

የቅበላ ደብዳቤ የደረሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደስታው ጋብ ሲል አምስት ነገር ጠይቁ። ደብዳቤው ገንዘብ ይሰጣል ወይስ ቦታ ብቻ? ገንዘቡ ለስንት ወር ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢዘገይስ ማን ይሸፍናል? የሚያማክረኝ መምህር ማን ነው፣ ባለፉት ዓመታት ምን አሳትሟል? ከእሱ ዘንድ የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? ቪዛው በጊዜው ባይደርስ ቦታዬ ለከርሞ ይቆይልኛል ወይስ እንደገና ላመልክት?

ለመምህር ስትጽፉ አጭር ጻፉ፤ ከጻፈው አንዱን አንብባችሁ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ አንሡ። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁም ትልቅ ማዕረግ ያለውን ሰው ከመፈለግ የመመረቂያ ሥራችሁን ቁጭ ብሎ ያየውን መምህር ምረጡ፤ እሱ ስለ እናንተ የሚጽፈው ነገር አለው።

ወደ አሜሪካ ያመለከታችሁም አንድ ነገር እወቁ። ገንዘብ ያለው የድኅረ ምረቃ ዕድል ሲሰጣችሁ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በፈረሙት ስምምነት መሠረት ከኤፕሪል 15 በፊት ቁርጥ መልስ እንድትሰጡ አያስገድዷችሁም። ስለዚህ የፈረመ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን አይታችሁ፣ ሌላው መልስ እስኪመጣ በእርጋታ ማሰብ ትችላላችሁ።

አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ የቀሩትን ደብዳቤዎች መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁ ዝም አትበሉ። «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቦታ ስለመረጥኩ አልመጣም» ብላችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። እናንተ የያዛችሁትን ወንበር ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ በዱዓ የሚጠብቅ የሌላ ቤት ልጅ አለ፤ ምናልባትም ከእናንተው ክፍል የተመረቀ ይሆናል። አላህ ለሁላችሁም መልካሙን ይግጠማችሁ።